ቀላሉ ቸርኬና የሐረጎ ቁልቁለት

የአንባቢያን ጥያቄ ከደሴው ጎሚስታ ጋር

ይህ ገጽ የመኪና ጥያቄ ያለው ሁሉ የሚጽፍበት ነው። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ደሴ ሸዋ በር ጎማ ስፈታና ሳስር ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሳለፍኩ ሰው። የዚህ ወር ደብዳቤ ሦስት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊው አይቀየመኝ።

ጥያቄ፦

ጋሼ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አጎቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ኖሮ ሲመለስ ይዟት የመጣ አንዲት ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 አለች። አሜሪካኖቹ ሚያታ ይሏታል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ቀይ። የ2001 ሞዴል ናት። አጎቴ ተመልሶ ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። ከተማ ውስጥ ሳልፍ ባጃጅ ነጂዎቹ ይስቁብኛል። ፎቶ የሚነሱባትም እነሱው ናቸው።

አጎቴ እዚያ እያለ የፋብሪካውን ቸርኬ አንስቶ ቀላል ቸርኬ ገጠመላት። በእህል ሚዛን መዝኛቸዋለሁ፤ አንዱ 5 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። የፋብሪካው 7 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ባለፈው ወር አጎቴ ደወለና "የቸርኬዎቹ አምራች ሪኮል አድርጓቸዋል፣ ደብዳቤ መጥቶልኛል" አለኝ። የደብዳቤውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ለእርስዎም ከመኪናዋ ፎቶ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ። ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጉት የቸርኬው ጣቶች ከመሃለኛው ክፍል ጋር በሚገናኙበት ቦታ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ አትንዱባቸው፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን ይላል። ነገር ግን አራት ቸርኬ አሜሪካ ለመላክ የተጠየቅሁት ሒሳብ ከሚመለሰው ገንዘብ ይበልጣል።

አራት ዓመት ነድቼባቸዋለሁ። አንድ ቀን አላስቸገሩኝም። በሳሙና ውሃ ፈትሻቸዋለሁ፣ ምንም አያስተነፍሱም። የምነዳት በሳምንት አንዴ ነው፤ ደሴ ወጥቼ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። ፈጥኜም አልነዳም። አንዱ ጓደኛዬ "አሜሪካኖቹ ክስ ስለሚፈሩ ነው፣ ተዋቸው" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "አዲስ አበባ ወስደህ ሽጣቸው፣ ሪኮል መሆናቸውን ማን ያውቃል" ይለኛል። ከፋብሪካዎቹ ቸርኬዎች ሦስቱ አልጋ ሥር አሉ። አራተኛው ላይ እናቴ የውሃ በርሜሏን አስቀምጣበታለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀላሎቹ ያምራሉ። ምን ይመክሩኛል?

ባለ ቀይዋ መኪና፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

አብሽር ወንድምዬ። አውልቃቸው። ይህን ገጽ አንብበህ ስትጨርስ ሳይሆን አሁን፣ መጽሔቱን አስቀምጠህ። መኪናዋን በክሪክ አንሳና ግንድ ላይ አስቀምጣት። ከዚያ ተመልሰህ ና፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የዚያን "ክስ ስለሚፈሩ ነው" የሚለውን ጓደኛህን ነገር እንጨርስ። እውነቱን ነው፣ ይፈራሉ። ሪኮል ማለት አምራቹ "የሸጥኩት ዕቃ ጉድለት አለበት፣ መልሱልኝ" ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ሕግ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ነው። የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ይባላል። መኪናው ብቻ ሳይሆን ለብቻው የተሸጠ ጎማና ቸርኬም በሕጉ ውስጥ ይገባል። አምራቹ ወይ ይጠግናል፣ ወይ ይቀይራል፣ ወይ ገንዘብ ይመልሳል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ደሴ ፒያሳ ዕቃ የሚሸጡትንም አውቃቸዋለሁ። አንድ ነጋዴ ከገዛ ኪሱ ገንዘብ አውጥቶ "ዕቃዬ መጥፎ ነው" ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍልህ፣ ሌላው ቢቀር ይህን እመነው።

ትልልቆቹም ያደርጉታል። ዛሬ አዲስ አበባን የሞላችውን የቶዮታዋን ኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዚ ፎር ኤክስን ታውቃታለህ። እ.ኤ.አ. በ2022፣ ገና ለገበያ በቀረበች በጥቂት ወራት፣ ቶዮታ 2,700 ያህሉን ጠራ። የጎማው ቡሎኖች እየላሉ ጎማው ሊወጣ ይችላል ተባለ። "ችግሩ እስኪፈታ አትንዱ" ነበር ያለው። ቶዮታ እንዲህ ካለ፣ የአንተ ቸርኬ አምራች ማን ስለሆነ ነው የማይለው?

እርግጥ ሪኮል ሁሉ አንድ አይደለም። የተሳሳተ ተለጣፊ ጽሑፍ ላይ የሚወጣ ሪኮል አለ፤ እንዲህ ያለውን ሻይህን እየጠጣህ አንብበው። "ጣቱ ከመሃሉ ጋር በሚገናኝበት ይሰነጠቃል" የሚለው ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ጭነቱ ሁሉ የሚያልፈው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሳሙናህ። በሳሙና ውሃ ፈተሽኩ ብለሃል። ጎበዝ፣ እኔም በቀን አሥር ጊዜ የማደርገው ነው። ግን ምን ላይ ነው የሚሠራው? አየር የሚይዘው የቸርኬው ክብ ዳር ላይ። ጎማው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ እዚያ ቢሰነጠቅ አረፋ ታያለህ። ጣቶቹ ግን አየር አይይዙም። አንዱ ጣት እስከ ግማሹ ተሰንጥቆ ሳሙናህ አንዲት አረፋ ላያወጣ ይችላል። ደብዳቤው የሚያወራው ስለ ጣቶቹ ነው። አንተ የፈተሽከው ሌላ ቦታ ነው።

"አራት ዓመት ነዳሁ" ያልከው ደግሞ እኔን አላረጋጋኝም፤ እንዲያውም አስደነገጠኝ። ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ፎቶው ላይ እንዳየሁት የጎማህ ልክ 195 በ50፣ 15 ኢንች ነው። አንዴ ሲዞር 1 ሜትር ከ80 ያህል ይሄዳል። በአንድ ኪሎ ሜትር 550 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 28,000 ዙር አትለኝም? በየሳምንቱ ካልክ በአራት ዓመት አምስት ሚሊዮን ተኩል አልፏል። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ ጣት አንዴ ይጨነቃል፣ አንዴ ይለቀቃል። ቀጭን ሽቦ ወስደህ ወዲህና ወዲያ አጣጥፈው። አሥር ጊዜ ምንም አይልህም። አሥራ አንደኛው ላይ ቀጭ ይላል። አሥሩ ጊዜ አለመሰበሩ ለአሥራ አንደኛው ዋስ አልሆነውም።

የአንተ ቸርኬ አሉሚኒየም ነው፤ ብረት በዚህ ነገር ይሻላል። ጭንቀቱ ከተወሰነ መጠን በታች እስከሆነ ድረስ ብረት ብዙ ዘመን ቢታጠፍና ቢለቀቅም ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወለል የለውም። ጭንቀቱ ትንሽ ቢሆንም ይደማመራል፣ ዕድሜውን ይበላዋል። ለዚህ ነው አሉሚኒየም ቸርኬ የሚሠራ ሰው ሥጋውን አወፍሮ የሚያስቀምጠው። ቀላል ቸርኬ ማለት ደግሞ ያ ሥጋ የተቀነሰለት ነው። ሲቀነስ አሠራሩ ፍጹም መሆን አለበት። በፕሬስ ተጨፍልቆ የሚሠራው ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈሰው ደግሞ በደንብ ካልተሠራ ውስጡ አየር ይቀራል። እንጀራ ዓይን እንደሚያወጣው ነው፤ የቸርኬው ዓይን ግን ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ከላይ ቀለሙን ብቻ ነው የምታየው። ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያች ዓይን ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ደስ ብሎኝ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ የፒክአፑን አሉሚኒየም ቸርኬ ይዞልኝ መጣ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዳሩ ተጣሟል። ያኔ ደሴ ውስጥ ምትክ የለም። እኔም ወጣት ነበርኩ፤ አልችልም ማለት አላውቅም። በኦክስጅን እሳት አሞቅሁት፣ እንጨት ደግፌ በመዶሻ አቃናሁት፣ ሞርጄ ብርማ ቀለም ቀባሁት። ባላንስ ላይ ሲወጣ አይንቀጠቀጥም። አዲስ መሰለ። ሰውየው መርቆኝ ከፍሎኝ ሄደ። እኔም ኮራሁ።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሾፌሩ መጣ። ከውጫሌ ሲመለሱ ቸርኬው ተበጣጥሶ መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቷል። ማንም አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። አብረው የነበሩ አንዲት እናት ግን ክንዳቸው ተሰብሯል። ሾፌሩ ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞት ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር አንዷን ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የወጌሻውን እኔ ከፈልኩ። ሰውየው አልከሰሰኝም፤ ቢከሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ያችን ቁራጭ ሱቄ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅያታለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቄ ተዘርፎ ስመለስ ባላንስ ማሽኑ የለም፣ ክሪኩ የለም፣ የመፍቻው ሳጥን የለም። እሷ ብቻ ነበረች። ማን ይወስዳታል?

መጥተህ ብታያት የተሰበረው ፊቷ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ክፍል ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። ትንሹ ክፍል ደግሞ ሻካራና እንደ ብር የሚያብለጨልጭ። ጠቆር ያለው ላይ በብርሃን አዘንብለህ ስታየው ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ሐይቅ ከተማ ወርደህ ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ ትቶት የሚሄደውን መስመር አይተህ ከሆነ፣ ልክ እንደዚያ። እያንዳንዱ መስመር ስንጥቁ ትንሽ ሄዶ ያረፈበት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በቀለሜ ሥር እየሄደ ነበር። የሚያብለጨልጨው ክፍል በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቀደደው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መኪናው አልተንቀጠቀጠም፣ ጎማው አልተነፈሰም፣ ሾፌሩ ምንም አልሰማም።

ስለዚህ "ካስፈለገ አርጎን አስበይዳለሁ" ብለህ እንዳታስብ። አልጻፍከውም፣ ግን እንደምታስበው አውቃለሁ፤ ሁሉም ያስባል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬ የሚመጣው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ፣ በልክ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው። የብየዳው እሳት ያን ያፈርሰዋል። ብየዳው አጠገብ ያለው ሥጋ ይለሰልሳል። ዳሩ ላይ ትንሽ የተላጠውን መሙላት ሌላ ነገር ነው። ጣት ላይ ግን አይሞከርም።

ስንጥቅ የሚፈልግ ቀይ ቀለም አለ። የአውሮፕላን ጥገና ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። የቸርኬውን ቀለም ልጠህ ታጸዳዋለህ፣ ቀዩን ትረጫለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትጠርገዋለህ፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት ትረጫለህ። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጡ ወጥቶ መስመር ይሠራል። ጥሩ ነገር ነው። ግን እስከ ላይ የወጣ ስንጥቅ ብቻ ነው የሚያሳይህ። ውስጥ የተቀበረውን አያይም። ዛሬ ንጹሕ ነው ቢልህ ስለ ሚቀጥለው ወር የነገረህ ነገር የለም። የመጣብህ ጥርጣሬ ደግሞ የአንድ ቸርኬ አይደለም፤ አምራቹ ራሱ የሥራውን ዘር ነው የተጠራጠረው።

"ፈጥኜ አልነዳም" ለሚለው ብዙ አልልህም። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ታውቀዋለህ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ ያን ሁሉ የምትወርደው በጥምዝምዝ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ በኩርባው ደግሞ ወደ ውጭኛው ጎማ። ያችን ቅጽበት አንድ የፊት ቸርኬ ነው የሚሸከማት። ከፊትህ ከጅቡቲ መስመር የመጣ ተሳቢ አለ፣ ከኋላህ የሚቸኩል አባዱላ አለ፣ ከላይ የጦሳ ጉም ወርዷል። በሰዓት አርባ ብትነዳ ምን ይለውጣል? የሚያስፈራኝ ፍጥነትህ አይደለም። ገደሉ ነው።

ወደ ውበታቸው እንምጣ። ደብዳቤህ ውስጥ እውነተኛዋ ዓረፍተ ነገር እሷ ናት፣ "ያምራሉ" ያልካት። ፎቶውን አይቻለሁ፣ እውነትም ያምራሉ። ቀላል ቸርኬ ዝም ብሎ ጉራ ነውም አልልህም። ከሞላ በታች ያለ ክብደት ሲቀንስ ጎማው ጉድጓዱን ቶሎ ይከተላል፣ መሪው ይቀላል፣ ማስነሳቱም ማቆሙም ይቀላል። ያውም ከአንድ ቶን ጥቂት በምትበልጥ ትንሽ መኪና ላይ ይታወቃል። በአራቱም 9 ኪሎ ገደማ ነው የቆጠብከው፤ ግማሽ ጀሪካን ውሃ አይሞላም። ለውድድር ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንተ ግን ደሴ የምትወጣው በረካ ላይ ለመድረስ ነው። በፋብሪካው ቸርኬም ትደርሳለህ። ቡናው ደግሞ እንደሆነ ሦስተኛውም ጀበና ድረስ ይጠብቅሃል።

የመሸጡን ነገር ግን አንተ ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጓደኛህ "ማን ያውቃል" አለህ። አንተ ታውቃለህ። አንተ አስፈርተውህ ያወለቅካቸውን ለአንድ አዲስ አበቤ ልጅ ልትገጥምለት ነው? እሱም እናት አለችው። ውድ ስለሆኑ ለጌጥ ብለህ ሳሎን ብትሰቅላቸው እንኳን አልወድም፤ ዕቃ ከቤት ይወጣል፣ የሆነ ቀን የሆነ ዘመድህ ይሸጣቸዋል። እኛ አገር የተሰበረ ነገር አይጣልም፣ ያ መልካም ነው። ይህኛው ግን መሰበር አለበት።

አሁን መልካም ዜና። ደብዳቤውን ያነበብከው እስከ ግማሽ ነው። አጎትህ የላከው ፎቶ ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን ገጽ የልጄ ልጅ ቁጭ ብሎ ተረጎመልኝ። ቸርኬውን መላክ ያልቻለ ሰው ከእያንዳንዱ ቸርኬ ሁለት ጣት ቆርጦ፣ የቆረጠውንና ከኋላ የተቀረጸውን ቁጥር አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ከላከ ገንዘቡ ይመለስለታል ይላል። የፖስታ ሒሳብ የለ፣ ምን የለ። ግዢው በአጎትህ ስም ስለሆነ ገንዘቡ ለእሱ ነው የሚመለሰው። ከእሱ ጋር ተነጋገሩ፤ የቤተሰብ ነገር ውስጥ አልገባም። የሚቆረጥበት ግራይንደር እኔ ጋ አለ።

የፋብሪካዎቹን ቸርኬ ወደ መመለሱ። አልጋ ሥር ያሉት ሦስቱ ሳይጎዱ አይቀሩም ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ለእናትህ በርሜል ነው። ውሃ የሚንጠባጠብበት አሉሚኒየም ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። ጎድጎድ ካለ አየር ያስተነፍሳል፤ ጥልቅ ከሆነ ተወው። ይዘኸው ና፣ ባላንስ ላይ አውጥቼ ሲሽከረከር እናየዋለን። ዳሩ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚጨፍር ከሆነ አልገጥምልህም። በርሜሉ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ እናትህን ጠይቃት።

ስትገጥም የምትሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቀላል ቸርኬዎች ብዙ ጊዜ መሃላቸው ሰፊ ስለሆነ በመካከል ክብ ቀለበት ይደረግላቸዋል። ስታወልቃቸው ቀለበቱ መኪናዋ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳታነሳው የፋብሪካውን ብትገጥም ቸርኬው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዳዶው ጠበቀ ብለህ ትሄዳለህ፣ መንገድ ላይ ይላላል። የኤም ኤክስ 5ህ መሃል 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያን ልክ ንጹሕ አድርገህ እየው። ዳዶዎቹ ደግሞ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለው መሆን አለባቸው፤ ከቀላሎቹ ጋር የመጣው ዳዶ ሌላ ዓይነት ከሆነ አትቀላቅል። አራቱን በመስቀል አጥብቃቸው። ማጥበቂያው ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። በእግርህ ቆመህበት የምታጠብቀውን ጉልበት ተው፣ ቶርክ መፍቻ ያለው ሰው ፈልግ። ከ50 ወይም ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ ፈትሽ።

ጎማዎቹን ወደ አሮጌዎቹ ማዛወር ትችላለህ፣ ሁለቱም 15 ኢንች ከሆኑ። ከማዛወርህ በፊት ጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2315 ቢል እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መኪናዋን በሳምንት አንዴ የምትነዳ ሰው ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጅበታል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህ፣ ቸርኬ ቀይረህ በአሮጌ ጎማ ልትወርድ ነው ማለት ነው።

አጭር ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፦

"ጋሼ፣ መምህርት ነኝ። የ2007 ቪትዝ አለችኝ። ስለ ኤርባግ ሪኮል ሰምቼ የሻንሲ ቁጥሬን በአሜሪካው ድረ ገጽ ብፈልግ 'የለም' ይለኛል። ነፃ ነኝ ማለት ነው?"

አይደለም እትዬ። የእርስዎ ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ከሆነች ቁጥሯ የአሜሪካኖቹን ዓይነት ባለ 17 ፊደልና ቁጥር አይደለም፤ አጠር ያለ፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለው ነው። የአሜሪካው ድረ ገጽ አያውቃትም። የቶዮታ የጃፓን ገጽ ላይ በዚያው በአጭሩ ቁጥር ይፈለጋል። ጃፓንኛ ስለሆነ ልጆችዎ በስልካቸው ይተርጉሙልዎ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ያህል ተጠርቷል፤ በዓለም ዙሪያ ከተጠሩት ውስጥ ያሪስና ቪትዝም አሉበት። ውስጡ ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲበላው፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ቅርፊቱን ይበትነዋል። ደሴ ብርድ ናት ብለው አይተማመኑ፤ መኪናዋ ከዚህ በፊት የት እንደኖረች አያውቁም። የመንገድ ዳር ኤሌክትሪሻን እንዲነካካው አይፍቀዱ። ወደ ቶዮታ ወኪል ይሂዱ።

መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፦

የኮምቦልቻው ልጅ ሐሙስ መጣ። አራቱን ቀላል ቸርኬ በአባዱላ ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ የእናቱን በርሜል ማስቀመጫ እቅፍ አድርጎ። የእናቱ ቸርኬ ተርፏል፤ ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ባላንስ ላይ ቀጥ ብሎ ዞረ። ከዚያ ግራይንደሩን አወጣሁ። የመጀመሪያውን እኔ ቆረጥኩ፤ ሌሎቹን ራሱ እንዲቆርጥ ሰጠሁት። እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ስምንት ጣት መሬት ላይ ተደረደረ። ተንበርክኮ አንድ በአንድ እያገላበጠ ተመለከታቸው። የግድግዳዬን ቁራጭም አውርዶ አጠገባቸው አስቀመጠ።

ስንጥቅ አላገኘም። እኔም አላገኘሁም።

"ጋሼ፣ ታዲያ ደህና ነበሩኮ!" አለኝ።

"ይሆናል" አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ፎቶውን አነሳና ለአጎቱ ላከው። ቡና አስፈላሁለት፣ በረካ ድረስ ጠጣ። የአጎቱ ገንዘብ እስካሁን አልመጣም። እናቱ ደግሞ ማታ ደወሉልኝ፤ በርሜላቸው አሁን ድንጋይ ላይ ቆሞ ያዘነብላል፣ ውሃው ከግማሽ በላይ አልሞላ ብሏል፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። አንድ አሮጌ የአይሱዙ ቸርኬ እልክላቸዋለሁ ብያለሁ።